የጎማ አበባ

ባለፈው ጥቅምት ከቢቸና ወደ ሞጣ ስንሄድ የሚኒባሳችን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ክሪኩን ሲያወጣ እኛ ተሳፋሪዎቹ ወርደን መንገድ ዳር ቆምን። አጠገቤ የነበረ አንድ ወጣት የተተረተረውን ጎማ በጫማው ነካ ነካ አደረገና «ለመሆኑ ይሄ ነገር ከምንድን ነው የሚሠራው?» አለ። አንዱ «ከነዳጅ ነዋ!» አለው። ሕፃን ያዘለች ሴት ደግሞ «ኧረ ከዛፍ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። ከቆምንበት ቁልቁል፣ ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ባሕር ዛፍ የወረሰው አንድ ቁራጭ መሬት ይታየኝ ነበር። እዚያ መሬት ላይ በደርግ ዘመን ጎማ ዘርተናል። ቀልዴን አይደለም። ጎማ ዘርተን፣ ጎማ ኮትኩተን፣ በጎማው የተነሣ ሰው አስገድለናል። «አስገድለናል» ያልሁት እንዲቀልለኝ ብዬ ነው። እኔ ነኝ ያስገደልሁት።

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከእርሻ ማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ በትውልድ ከተማዬ በቢቸና በልማት ሠራተኝነት ተመደብሁ። ስለዚያ ዘመን ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ፣ ቢያሳፍረኝም፣ ልብሴ ነው። ሞጣ ከመስጊዱ በታች ከነበሩት ልብስ ሰፊዎች ያሰፋሁት ቡናማ ቤልቦተም ሱሪ ነበረኝ፤ እግሩ ከመስፋቱ የተነሣ አቧራውን እየጠረገ ይሄድ ነበር። ነጭ ቴትሮን ሸሚዝ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንደኛው የማይጽፍ። ጸጉሬ አፍሮ ነው፤ ማበጠሪያው ከኋላ ኪሴ አይጠፋም። እንቁላል በአምስት ሳንቲም፣ ዶሮ በሁለት ብር የሚገዛበት ጊዜ ስለ ነበር ደመወዜ ከእናቴም ከእኔም ይተርፍ ነበር። ቢቸና አውቶቡስ መቆሚያው ጥግ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሬዲዮዋ ቀኑን ሙሉ የሰልፍ መዝሙር ታሰማለች፤ ዜናው ሲያልቅ ባለቤቱ ግራ ቀኙን ያይና የፍቅር ዘፈን ካሴት ይከትባታል። ያቺን ሻይ ቤት ዛሬም ሳስባት ደስ ይለኛል። ይህ ደስታዬ ራሱ አንዳንድ ቀን ያስጠላኛል፤ ምክንያቱም ከሻይ ቤቷ ሁለት መቶ እርምጃ እልፍ ብሎ እስር ቤቱ ነበር።

የምሠራባት ቀበሌ ከዋናው መንገድ ወረድ ብላ ወንዝ ዳር ያለች ናት። ስሟን አልጠራም፤ ልጆቻቸው አሁንም እዚያው ናቸው። የማድረው እማማ ይርገዱ ቤት ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሲቆጡ ከብቱ እንኳ የሚሰማቸው ሴት ነበሩ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ታናሹ ደሴ ያኔ ለውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። ታላቁ ምናለ እኩያዬ ነው። ቅኔ ቤት ገብቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ አባቱ ሲሞቱ አቋርጦ ወደ እርሻው የተመለሰ፣ ምላሱ የማያርፍ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚለይ ጎበዝ። የአገሩን መሬት አንድ በአንድ ያሳየኝ እሱ ነው፤ የቱ ውኃ እንደሚይዝ፣ የቱ እንደሚሰነጠቅ፣ የቱ ለጤፍ፣ የቱ ለስንዴ እንደሚሆን። የእነሱን የወንዝ ዳር ማሳ ያሳየኝ ዕለት እፍኝ አፈር አንሥቶ አሸተተና «ይኸ መሬት ሰውን አያሳፍርም» ብሎኝ ነበር።

አንድ ግንቦት ላንድሮቨር መጣች። ከውስጧ ጓድ ሰይፉ ወረደ። ጓድ ሰይፉ አውራጃው የላከው ካድሬ ነው፤ ካኪ ለባሽ፣ ቀጭን፣ ከመብራት ገመድ ገምዶ የሠራው ጅራፍ ከመታጠቂያው የማይለይ። ከእሱ ጋር አንድ ፈረንጅና አስተርጓሚ ነበሩ። ፈረንጁ ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የደረቀ ሥር አወጣ፤ ጣት የሚያህል፣ ጥቁር። ሰበረውና ሁለቱን ስባሪ ቀስ ብሎ ሲያራርቀው በመካከሉ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ክር ተዘረጋ። ሲለቀው ክሩ ተሰብስቦ ስባሪዎቹን መልሶ አገናኛቸው። ገበሬዎቹ አጨበጨቡ። ፈረንጁ እንደ ነገረን ተክሉ በአገሩ ተራራ ላይ የሚበቅል የዱር አበባ ነው፤ በጦርነት ጊዜ የካሚዮን ጎማ ሳይቀር ከሥሩ ሠርተውበታል። ቅጠሉ መሬት ላይ የሚነጠፍ፣ አበባው ቢጫ፣ ሲቆርጡት ወተት የሚወጣው። ምናለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጌታሁን፣ ይሄ እኮ ማሳችን ዳር የሚበቅለው የመራራው ቅጠል ወንድም ነው። ፈረንጅ አገር ሄዶ ተማረ እንጂ» አለኝ። ሳቄን ዋጥሁት።

ጓድ ሰይፉ ወደ እኔ ዞረ። «ባለሙያው! ለም የሆነ፣ ለውኃ የቀረበ መሬት የትኛው ነው?»

እጄን ዘረጋሁ። አፌን እንኳ አልከፈትሁም። እጄ ያመለከተው የእማማ ይርገዱን ማሳ ነው።

ማታ ቤት ስገባ እማማ ይርገዱ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ያን መሬት ማን አሳያቸው?» አሉኝ። «ራሳቸው ናቸው የመረጡት» አልኋቸው። «እንግዲያስ ምን ይደረጋል» ብለው ራቴን አቀረቡልኝ።

የአበባው አስተራረስ ከባድ ነበር። ዘሩ ከማነሱ የተነሣ ነፋስ ይወስደዋል፤ ከአሸዋ ጋር ቀላቅለን፣ በገመድ መሥመር ዘርግተን፣ በጣታችን ቆንጥረን ነው የዘራነው። ሲበቅል ቅጠሉ የአምስት ሳንቲም ያህል ነው። አረሙ በሁለት ቀን ይውጠዋል። ስለዚህ የገበሬ ማኅበሩ አባል ሁሉ የራሱን ጤፍ ትቶ፣ በተራ እየመጣ፣ በጭቃው ተንበርክኮ ያርማል። ከዓምናው የወደቀ ስንዴ በመሥመሩ መካከል ሲበቅል እንዲነቀል ታዘዘ። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸው ደከመና ከስንዴው ጋር አበባዋን ነቀሏት። ጓድ ሰይፉ ሲያይ ጅራፉን ፈታ። ሽማግሌው ከተንበረከኩበት ሳይነሡ አራት ጊዜ መታቸው፤ ጋቢያቸው ተሸነተረ፣ ጀርባቸው ደም አዘለ። ማንም ቀና አላለም። እኔም ማስታወሻዬ ላይ አጎንብሼ የችግኝ ቁጥር እጽፍ ነበር። ጓድ ሰይፉ በላንድሮቨሯ ሲሄድ ምናለ እያረመ አዜመ፦

ስንዴ ተነቅሎ አረም ሲዘራ፣
የዘንድሮ እንጀራ ይሆናል መራራ።

ሰዉ በሙሉ ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁ። በነጋታው ግጥሟ በየማሳው ትዜም ነበር።

ነሐሴ ላይ የብዙ ቤት ጎተራ ተሟጠጠ። የወንዙ ዳር ማሳ እህል ቢይዝ ኖሮ እሸቱ ይደርስ ነበር፤ የያዘው ግን አበባ ነው። ሴቶቹ ለማረም ሲመጡ የውጭ የውጭውን ቅጠል እየቀነጠሱ በጉያቸው ይወስዱ ጀመር። ሁለት ጊዜ ቀቅለው፣ ውኃውን ደፍተው፣ በጨው እንደ ጎመን ይበሉታል። መብላቱ ክልክል ነው። እማማ ይርገዱ ግን ሳህኑን ፊቴ አስቀምጠው «ብላ። የመሬቴ ነው» አሉኝ። በላሁ። መራራነቱ ጉሮሮ ላይ ይቆያል፤ ከውኃ ጋር እንኳ አይሄድም።

መስከረም ሲጠባ ማሳው በቢጫ አበባ ተሸፈነ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ፈረንጁም ሊያይ ይመጣል ተባለ። በዙሪያው ጥቅጥቅ ያለ የእሾህ አጥር አጥረናል፤ መግቢያው ላይ የግራር ቅርንጫፍ ይጎተታል፤ ስንገባ እንስበዋለን፣ ስንወጣ እንዘጋበታለን። ፈረንጁ በሚመጣባት ጧት ማልጄ ገብቼ አበባ እቆጥር ነበር። ከመንገዱ የላንድሮቨሯ ጥሩምባ ተሰማ። ጓድ ሰይፉ መጠበቅ አይወድም። ማስታወሻዬን ይዤ፣ ሱሪዬን ከጭቃው ሰብስቤ፣ ዳገቱን ሮጥሁ። ግራሩን አልመለስሁትም። ግማሽ መንገድ ላይ ትዝ ብሎኝ ዘወር አልሁ፤ ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ፤ ሩጫዬን ቀጠልሁ።

ጓድ ሰይፉን፣ ፈረንጁን፣ አስተርጓሚውንና ሁለት አብዮት ጠባቂዎችን ይዤ ስመለስ ዳልቻ ማሳው መካከል ቆሞ ነበር። ዳልቻ የምናለ በሬ ነው። ምናለ ጥማዱን ውኃ ሊያጠጣ ወንዝ አውርዶት አንደኛው ክፍት አግኝቶ ገብቷል። መሥመሮቹን ረግጧቸዋል፤ አፉ ዙሪያ ነጭ ወተት እየተንጠባጠበ ያኝካል። ምናለ ከኋላው እየሮጠ ገብቶ «ዳልቻ! ውጣ! ና!» እያለ ይጣራ ነበር።

ጓድ ሰይፉ ከጠባቂው ክላሹን ተቀበለ። ምናለ አየውና «ጓድ፣ እኔ አወጣዋለሁ! አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ብቻ!» አለ። ጓድ ሰይፉ ተኮሰ። ጥይቱ ዳልቻን ሆዱ ላይ አገኘው። በፊት ጉልበቱ ተንበረከከ፣ እንደገና ተነሣ፣ ወደ ምናለ መጣ። ሁለተኛው አንገቱን መታው። ሲወድቅ አበባው ላይ ተንከባለለ፤ እግሩ ለረጅም ጊዜ መሬቱን ይቆፍር ነበር። ፈረንጁ ፊቱን አዞረ። አስተርጓሚው ምንም አልተረጎመም።

«በሩን ማነው የከፈተው?» አለ ጓድ ሰይፉ።

ምናለ እጁ በበሬው ደም ርሶ ተነሣ። አየኝ። ዓይኑ እላዬ ላይ ቆየ። ከዚያ «አላውቅም» አለ። ጅራፉ ፊቱ ላይ አረፈ። «አላውቅም» አለ እንደገና። እስኪወድቅ መቱት፤ ከወደቀ በኋላም መቱት። እኔ እዚያው ነበርሁ። ከእኔ እስከ እሱ አሥር እርምጃ አይሆንም።

በማግሥቱ የማኅበሩ ስብሰባ ተጠራ። ምናለ እጁ የኋሊት ታስሮ፣ አንድ ዓይኑ ተደፍኖ ቆመ። ጓድ ሰይፉ ግጥሟን ከወረቀት አነበባት፤ በእሱ አፍ ስትነበብ የሳቀ የለም። «ይህ ሰው በአብዮቱ ላይ ዘፍኗል፤ አሁን ደግሞ በሬውን ለቆ አሻጥር ሠርቷል» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ባለሙያው፣ ስትወጣ በሩ ዝግ ነበር ወይስ ክፍት?»

እናቴ ታየችኝ። እስር ቤቱ ታየኝ። ነጭ ሸሚዜ ታየኝ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብሁ።

«ዝግ ነበር» አልሁ።

ምናለ ወደ ላንድሮቨሯ ሲጎተት እማማ ይርገዱ ገመዱን ያዙ። «ልቀቁልኝ! በሬዬን በላችሁ፣ መሬቴን በላችሁ፣ ልጄን ልቀቁልኝ!» አሉ። ጠባቂው በሰደፍ አፋቸውን መታቸው። የፊት ጥርሶቻቸው መሬት ላይ ወደቁ። ገመዱን ግን አልለቀቁም፤ ሁለተኛ እስኪመቷቸው።

ምናለ ቢቸና ታሰረ። እማማ ይርገዱ በየሳምንቱ አገልግል ተሸክመው በእግራቸው ይመጣሉ፤ የሚያድሩት ደግሞ እናቴ ቤት ነው። እናቴ እግራቸውን ታጥባቸዋለች። አፋቸው እስኪድን ድረስ አጥሚት ትሠራላቸው ነበር። እኔ ሥራ አለኝ እያልሁ ሻይ ቤት አመሻለሁ። ኅዳር ላይ አንድ ጧት አገልግሉን ተቀብሎ የሚያስገባው ጠባቂ መልሶ እጃቸው ላይ አስቀመጠው። «ከእንግዲህ ምግብ አያምጡ» አላቸው። ሌላ ቃል አልጨመረም። በዚያን ዘመን ይህን የሰማች እናት ሌላ ቃል አትጠይቅም። ሬሳ አልተሰጣቸውም፤ ልቅሶም ተከለከሉ። እናቴ በሩን ዘግታ፣ ድምፅ እንዳይወጣ ጋቢ አፋቸው ላይ ይዛ፣ ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔ ደጃፍ ቆሜ ሰማሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ሥሩ ተቆፈረ። በበርሜል ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ በሙቀጫ ተወቅጦ፣ ከዚያ ሁሉ መሬት የወጣው ጎማ አንድ ጥቁር ድብልብል ነው፤ ሽታው የተበላሸ ወተትና ጭስ። የአንድ በረባሶ ጫማ ተረከዝ አይሞላም። ጓድ ሰይፉ በአብዮቱ በዓል ሞጣ አደባባይ በቀይ ጨርቅ ላይ አድርጎ አሳየው፤ ተጨበጨበለት። ፈረንጁ አልተመለሰም። የዘር ሣጥኑም አልመጣም። እኔ ዝውውር ጠይቄ ሞጣ ሄድሁ፤ ቤት ሠራሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ። ጓድ ሰይፉ መንግሥት ሊወድቅ ሲል በሲቪል ልብስ ጠፋ፤ የት እንደ ገባ የሚያውቅ አላጋጠመኝም።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ እናቴ ሞተች። እማማ ይርገዱ ለቅሶ ቢቸና ድረስ መጡ። አርባዋ ካለፈ በኋላ ወደ ቀበሌዋ ወረድሁ። ደጃቸው ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። አልተቀመጥሁም።

«እማማ፣ ያን ቀን በሩን ክፍት ትቼ የሄድሁት እኔ ነኝ።»

ምስሩን መልቀም አልተዉም። «አውቃለሁ» አሉ።

«ማን ነገረዎ?»

«ምናለ ነዋ። እስር ቤቱ ሽቦ አጠገብ። ስትሮጥ ከወንዙ ሆኖ አይቶሃል። ‹እማዬ፣ እንዳትናገሪ። እኔን አይለቁኝም፣ እሱን ይጨምሩታል። የምታድሪው እናቱ ቤት ነው› አለኝ።»

«እናቴስ ታውቅ ነበር?»

«ለእሷ ምን ብዬ እነግራታለሁ? እግሬን እያጠበችኝ።»

«ታዲያ እኔን ለምን ዝም አሉኝ?»

አሁን ቀና አሉ። ጥርስ በሌለው አፋቸው ቀስ ብለው ተናገሩ። «ትመጣለህ ብዬ ነዋ። በሳምንቱ ይመጣል አልሁ። በዓመቱ ይመጣል አልሁ። እናቱ ስትሞት ይመጣል አልሁ። ዘገየህ፣ ልጄ።»

«ይቅር ይበሉኝ» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄን አሻጥረኛ ያሉት በሰው ፊት ነው» አሉ። «በሰው ፊት ተናገር።»

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ማስታወቂያ በሚነገርበት ዛፍ ሥር ቆሟል። ቄሱን አስፈቅጄ ተናገርሁ። መሬቱን ማን እንዳመለከተ፣ ግራሩን ማን እንዳልመለሰ፣ «ዝግ ነበር» ያለው ማን እንደ ሆነ። ሳላቋርጥ ጨረስሁት። ጅራፍ የቀመሱት እኚያ ሽማግሌ በሕይወት ነበሩ፤ ዓይናቸው ጠፍቶ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ቆመዋል። «ማነው የሚናገረው?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ደሴ ከጦር ግንባር በእግሩ ተመልሶ ነበር። እናቱ ለእሱም አልነገሩትም። ሰዉን ገፍቶ ሲመጣ አየሁት፤ ቁመቱ የወንድሙ ነው። ቅጥሩን እንኳ አላስወጣኝም። የመጀመሪያው ዱላ ክንዴን ሰበረው፤ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ። ሁለተኛው ትከሻዬን። ሦስተኛው አፌን መታኝና ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ተበተኑ። ማንም አልገላገለም። ራሴን አልተከላከልሁም ብል ውሸት ነው፤ በተረፈው እጄ ፊቴን ሸፍኜ ነበር። አራተኛውን ሲያነሣ የእማማ ይርገዱ ድምፅ ተሰማ።

«በቃ ደሴ። አሁን አንሡት።»

በቃሬዛ ወደ መንገድ አወጡኝ። አንደኛውን ጫፍ የተሸከመው ደሴ ነው። የጭነት መኪና ለምኖ፣ ከእኔ ጋር ከላይ ተጭኖ፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር የተሰበረውን ክንዴን ደግፎ ይዞ ሞጣ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ።

ጤና ረዳቱ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነበር። መዝገቡን ገለጠና «ምን ሆነው ነው ጋሼ?» አለኝ። በተሰበረ አፌ «ወድቄ ነው» ልል ጀመርሁ።

ደሴ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። «አልወደቀም» አለ። «እኔ ነኝ የመታሁት። ጻፍ፤ ደሴ እባላለሁ።»